ወሳኝ ጨዋታዎችን በጥቁር ሰሌዳ የሚመዘግበው የከዚራው ኳስ ቤት

በድሬዳዋ ኳስ የሚያሳይ ቤት ማግኘት አይቸግርም። ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ እስከ ታይዋን፣ ዲሽ የተከለና የዕለቱን ጨዋታ በሩ ላይ የለጠፈ ቤት በየሰፈሩ አለ። በአዘቦት ቅዳሜ ከእነዚህ ቤቶች የትኛውም ቢገቡ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም። ልዩነቱ የሚታየው ዋንጫ የሚለይበት፣ ወይም አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ነገር በዘጠና ደቂቃ የሚፈረድበት ምሽት ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ወንበሩም፣ መብራቱም፣ ድምፁም፣ አስተናጋጁም፣ ባለቤቱም ይፈተናሉ። በከዚራ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ የሚገኘውን ኳስ ቤት የምገመግመው በዚህ ሚዛን ነው። ቤቱ ለዚህ ሚዛን የሚያበቃው አንድ ተጨማሪ ምክንያት ደግሞ አለ፤ ቡድኖች በወሳኝ ጨዋታዎች ላይ ያስመዘገቡትን ውጤት በግድግዳው ላይ መዝግቦ የሚያቆይ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ በከተማችን ብቸኛው ቤት ነው።

በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም። የሚፈልገው ሰው «ሰሌዳ ያለበት ኳስ ቤት» ብሎ ቢጠይቅ የአካባቢው ባጃጅ ሾፌሮች ያደርሱታል።

ሰሌዳው ከስክሪኑ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በትምህርት ቤት የምናውቀው ዓይነት ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ሲሆን፣ በነጭ ቀለም በተሰመሩ ዓምዶች ተከፋፍሏል። በየዓምዱ አናት የቡድኑ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ቡድኑ ያደረጋቸው ወሳኝ ጨዋታዎች ዓመት፣ ተጋጣሚ፣ ከተማና ውጤት ተጽፏል። ድል በአረንጓዴ ጠመኔ፣ ሽንፈት በቀይ፣ አቻ የወጣ ወይም በመለያ ምት የተለየ ጨዋታ ደግሞ በነጭ ይጻፋል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ያንኑ ተከትያለሁ። ምን ወሳኝ ነው፣ ምን አይደለም ለሚለው ጥያቄ ባለቤቱ የራሳቸው ደንብ አላቸው። የዋንጫ ፍጻሜ ይገባል፤ የግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ይገባል፤ በሊግ ደግሞ ለዋንጫ የሚፎካከሩ ሁለት ቡድኖች በመጨረሻዎቹ አሥር ሳምንታት ውስጥ ከተገናኙ ጨዋታቸው ይመዘገባል። ከዚህ ውጪ ያለው ጨዋታ የቱንም ያህል ቢያስጮህ ሰሌዳው ላይ ቦታ የለውም።

ይህ ሥራ ለምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት በወሳኝ ጨዋታ ምሽት በኳስ ቤቶቻችን የሚነገረውን መስማት ይበቃል። እገሌ የሚባለው ቡድን ትልቅ ጨዋታ አይችልም፣ እገሌ ፍጻሜ ከደረሰ ዋንጫው የእሱ ነው፣ የሚል ፍርድ ከሻይ ጋር አብሮ ይቀርባል። ፍርዱን የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ሽንፈት ወይም እጅግ ያሳመመውን ምሽት ብቻ ነው። ወጣቶች በዚህ ፍርድ ተመርኩዘው ገንዘባቸውን ለውርርድ ሲያወጡ ስናይ ነገሩ ከወሬ ያለፈ ይሆናል። እዚህ ቤት ግን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሲፈርድ አጠገቡ የተቀመጠው ወደ ግድግዳው ያመለክተዋል፤ ክርክሩም ከጩኸት ወደ ማስረጃ ይዞራል። ይህ ቤቱ ለደንበኛው ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ የላቀው ነው ብዬ አምናለሁ።

በብዛት የሚነበበው የአርሴናል ዓምድ ነው፤ በድሬዳዋ የመድፈኞቹ ደጋፊ ብዛት ይታወቃልና። ይህ ዓምድ የሚናገረው ነገር በየቦታው ከሚሰማው ፍርድ በእጅጉ ይለያል። ከ1998 እስከ 2025 ባለው ጊዜ አርሴናል ዘጠኝ ጊዜ ለእንግሊዙ ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ስምንቱን ወስዷል፤ ያመለጠው በ2001 በካርዲፍ በሊቨርፑል 2 ለ 1 የተረታበት ብቻ ነው። በዚያው ዘመን ለሊግ ካፕ ፍጻሜ ሦስት ጊዜ ቀርቦ፣ በ2007 በቼልሲ፣ በ2011 በበርሚንግሃም፣ በ2018 በማንቸስተር ሲቲ ተሸንፎ ሦስቱንም አጥቷል። በአውሮፓ ውድድሮች ደግሞ በ1994 በኮፐንሃገን ፓርማን 1 ለ 0 አሸንፎ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ እስከ 2025 አራት ፍጻሜ ተጫውቶ አንዱንም አላገኘም፤ በ1995 በዛራጎዛ፣ በ2000 በጋላታሳራይ በመለያ ምት፣ በ2006 በባርሴሎና፣ በ2019 በባኩ በቼልሲ ተረትቷል።

እነዚህን ሦስት ረድፎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው «ትልቅ ጨዋታ አይችልም» የሚለውን አነጋገር ይዞ መቀጠል ይከብደዋል። አርሴን ቬንገር ብቻቸውን በኤፍኤ ካፕ ስምንት ፍጻሜ ገብተው ሰባቱን አሸንፈዋል፤ እኒሁ አሰልጣኝ በሊግ ካፕ የገቡባቸውን ሦስት ፍጻሜዎችና በአውሮፓ የገቡባቸውን ሁለት ፍጻሜዎች ተነጥቀዋል። ሰውየውም ክለቡም አንድ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን «የመንፈስ ጥንካሬ» በሚል ቃል ብቻ ማለፍ አይቻልም፤ በሊግ ካፕ ውድድር ቬንገር በአብዛኛው ወጣቶችን ያሰልፉ እንደነበር፣ በአውሮፓ የገጠሟቸውም በዘመኑ ጉልበት የነበራቸው ቡድኖች እንደነበሩ ማስገባት ያስፈልጋል። ሰሌዳው ይህን ማብራሪያ አይጽፍም፤ ግን ጥያቄው እንዲነሳ ያደርጋል።

የሰሌዳው ዋና ጉድለት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ የሚናገረው ጨዋታው በምን ውጤት እንዳለቀ እንጂ እንዴት እንደሄደ አይደለም። በ2006 በፓሪስ ከባርሴሎና ጋር የተደረገውን ፍጻሜ እንውሰድ። ግብ ጠባቂው የንስ ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ አርሴናል በአሥር ሰው እየተጫወተ በ37ኛው ደቂቃ በሶል ካምቤል ግብ መርቷል፤ መሪነቱንም እስከ 76ኛው ደቂቃ ድረስ ጠብቆ፣ ኤቶና ቤሌቲ በአራት ደቂቃ ልዩነት ባገቧቸው ግቦች 2 ለ 1 ተሸንፏል። ይህ ጨዋታ በቀይ ተጽፏል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ አብዛኛውን ጊዜ በበላይነት ተጫውቶ፣ ጨዋታው ያለ ግብ አልቆ፣ አርሴናል በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፏል። በ2001ዱ ፍጻሜ በተቃራኒው አርሴናል የተሻለ ተጫውቶ፣ በሊዩንበርግ ግብ እየመራ ቆይቶ፣ ማይክል ኦወን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ጊዜ አግብቶበታል። እነዚህን ሦስት ጨዋታዎች በቀለማቸው ብቻ የሚያነብ ሰው የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳል። ከውጤቱ አጠገብ ቀይ ካርድ የታየበት ደቂቃና የመጀመሪያው ግብ የተቆጠረበት ደቂቃ ቢጻፍ፣ ቦታ የማይበቃ ቢሆን እንኳ ጥቂት የቆዩ ረድፎች ተቀንሰው ቢጻፍ፣ ሰሌዳው ከአሁኑ እጥፍ ይጠቅማል።

በሊግ በኩል የባለቤቱ ደንብ አንዳንዴ ያስመሰግናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወሳኙን ጨዋታ ይስታል። ሜይ 26 ቀን 1989 በአንፊልድ የተደረገው ጨዋታ በአረንጓዴ ተጽፎ ይገኛል። አርሴናል ዋንጫውን ለመውሰድ ሊቨርፑልን በሜዳው በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት፤ ማይክል ቶማስ በባከነ ሰዓት ባገባት ሁለተኛ ግብ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱ ቡድኖች በ76 ነጥብና በእኩል የግብ ልዩነት ሲጨርሱ፣ አርሴናል ብዙ ግብ በማግባቱ ብቻ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ የበለጠ ወሳኝ የሊግ ጨዋታ ማሰብ ያስቸግራል። ከቅርቡ ደግሞ ኤፕሪል 26 ቀን 2023 በማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 የተሸነፈበት በቀይ፣ ማርች 31 ቀን 2024 በዚያው ሜዳ 0 ለ 0 የተለያየበት በነጭ ተጽፈዋል።

ነገር ግን በ2024 አርሴናል በ89 ነጥብ፣ ከሲቲ በሁለት ነጥብ ብቻ አንሶ ሁለተኛ ሲሆን፣ ነገሩን ያበላሸው ከሲቲ ጋር ያደረገው ጨዋታ አልነበረም፤ በዚያ የውድድር ዘመን ከሲቲ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝቶ አንዱን 1 ለ 0 አሸንፎ ሌላውን አቻ ወጥቷል። ያበላሸው ኤፕሪል 14 በገዛ ሜዳው በአስቶን ቪላ 2 ለ 0 የተሸነፈበት ጨዋታ ነው። ቪላ ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን ስላልነበረ ይህ ጨዋታ ሰሌዳው ላይ የለም። በእኔ አመለካከት ወሳኝነት የሚለካው በተጋጣሚው ስም ሳይሆን በሚታጣው ነገር ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዋንጫ የሚያባርር ቡድን የሚያደርገው እያንዳንዱ ጨዋታ፣ ተጋጣሚው ማንም ይሁን ማን፣ መመዝገብ ይገባዋል። ይህን ለባለቤቱ ነግሬያቸው ነበር። «ያን ካደረግሁ ሰሌዳ ሳይሆን ግድግዳውን በሙሉ መቀባት ሊኖርብኝ ነው» ብለው መለሱልኝ፤ መልሱ ሚዛን ያለው ቢሆንም ክርክሩን አልዘጋውም።

የሩብ ፍጻሜ አለመግባቱም እንዲሁ ያሳዝናል። በ2025 በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ አርሴናል የዋንጫው ባለቤትና የአሥራ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውን ሪያል ማድሪድን በኤሚሬትስ 3 ለ 0፣ በበርናባው ደግሞ 2 ለ 1 አሸንፎ አሰናብቷል። በመጀመሪያው ጨዋታ ዴክላን ራይስ በቅጣት ምት ያገባቸው ሁለት ግቦች ገና ከማንም ዓይን አልጠፉም። በሰሌዳው ደንብ ግን ይህ ሁሉ አልተደረገም ማለት ነው፤ የዚያ ዓመት ረድፍ የሚጀምረው ከፓሪስ ሽንፈት ነው።

ወደዚያ ሽንፈት ምሽት ልምጣ፤ ቤቱን በሙሉ ኃይሉ ያየሁት በዚያ ቀን ነውና። ሜይ 7 ቀን 2025 ከፓሪሱ ክለብ ፒኤስጂ ጋር የሚደረገው የግማሽ ፍጻሜው የመልስ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምር ነበር። አርሴናል የመጀመሪያውን በሜዳው 1 ለ 0 ተሸንፎ ነበር የሄደው። ከ3 ሰዓት በፊት ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። ባለቤቱ በበሩ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የካርቶን ቁራጮች ይሰጣሉ፤ ቁራጮቹ የሚያልቁት ወንበሩ ሲያልቅ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የቱንም ያህል ቢለምን አይገባም። ይህን አሠራር አጥብቄ አደንቃለሁ። በትልቅ ጨዋታ ምሽት ገቢ የሚገኝበትን ዕድል ትቶ ሰውን መመለስ ለነጋዴ ቀላል አይደለም፤ የገባው ደንበኛ ግን ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ የቆመ ሰው ሳይጋርደው እስከ መጨረሻው ያያል።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል የአርሴናል መለያ የለበሰ አንድ ወጣት ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብሎ «አቦ ጋሼ፣ ለዛሬ ማታ ብቻ ይሄን ዓምድ በጨርቅ ይሸፍኑልን፤ ቀዩ ዓይናችን ላይ ነው» ሲል ለመናቸው። ባለቤቱም በትዕግሥት «የኔ ልጅ፣ ያልሆነ ነገር አልጻፍኩም፤ የሆነውን ደግሞ አልሸፍንም። አረንጓዴውንም አብረህ እየው» አሉት። ወጣቱ ተመልሶ ተቀመጠ። በ27ኛው ደቂቃ ፋቢያን ሩይዝ አገባ።

በሁለተኛው አጋማሽ መብራት ጠፋ። በሌላ ቤት ቢሆን የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጄነሬተሩ እስኪነሳ አንድ ጊዜ፣ ከተነሳም በኋላ ሪሲቨሩ ሥርጭቱን እስኪያገኝ ሌላ ጊዜ ይጠበቃል። እዚህ ግን ፕሮጀክተሩ፣ ሪሲቨሩና ድምፁ በኢንቨርተር ባትሪ ላይ ስለተያያዙ ምስሉ አንዴም አልተቋረጠም። የጠፉት አምፖሎቹና የጣሪያው ቬንትሌተሮች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጄነሬተሩ ሲነሳ ተመለሱ። በ72ኛው ደቂቃ ሀኪሚ፣ በ76ኛው ደቂቃ ሳካ ያገቡት በዚያ ሰዓት አካባቢ ነው። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ስክሪኑ ቢጠፋ ኖሮ ከጨዋታው ሦስት ግቦች ሁለቱን ሳናይ እንቀር ነበር። ኢንቨርተርና ባትሪ መግዛት ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ኳስ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ከትልቅ ስክሪን በፊት ይህን እንዲያስቀድም እመክራለሁ።

ጨዋታው 2 ለ 1 ሲያልቅ ሰዉ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ባለቤቱ ቀይ ጠመኔ አንስተው «2025፣ ፓሪስ፣ 1 ለ 2» ብለው ጻፉ። ቁጥሩ ቀጥ ያለ፣ የእጅ ጽሑፉ ከሌሎቹ ረድፎች የማይለይ ነበር። አንዳንዱ ደጋፊ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ግን የሰደበ ወይም ወንበር የገፋ ሰው አላየሁም። ፓሪሶቹ በሙኒክ በተደረገው ፍጻሜ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 ሲረቱ ደግሞ፣ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት በውድድሩ የፍጻሜ ታሪክ ታይቶ ስለማያውቅ፣ ያ ቀይ ረድፍ በተመልካቹ ዘንድ ሌላ ትርጉም አገኘ። ከሦስት ሳምንታት በፊት በአንድ ግብ ልዩነት የተሸነፍነው በዚህ ቡድን ነው የሚል ንግግር ከብዙዎች ሰምቻለሁ፤ ንግግሩም በሰሌዳው ፊት የተደረገ በመሆኑ ከማጽናኛነት አልፎ እውነት ያለው ሙግት ነበር።

በስተግራ ጫፍ ያለው ዓምድ የዋልያዎቹ ነው። እዚህ ባለቤቱ ደንቡን አስፍተውታል፤ ለአፍሪካ ዋንጫ ወይም ለዓለም ዋንጫ ማለፍን የወሰኑ ጨዋታዎችም ገብተዋል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ለብሔራዊ ቡድናችን ማጣሪያው ራሱ ፍጻሜ የሆነባቸው ዓመታት ብዙ ናቸውና። ዓምዱ የሚጀምረው ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 በአዲስ አበባ ከተደረገው ፍጻሜ ነው። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆነው፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋለች። ከዚያ ረድፍ ሥር የሚነበበው ረጅም ክፍተት ምንም ሳይጨመርበት ብዙ ይናገራል። በ2012 በካርቱም በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ፣ በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባቸው ሦስት ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈው ቡድን በአረንጓዴ ተጽፏል። በቀጣዩ ዓመት ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረው በናይጄሪያ በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ በካላባር 2 ለ 0 የተሸነፈበት ደግሞ በቀይ አለ። የአውሮፓ ክለቦችን ዓምድ የሚያነቡ ወጣቶች ወደዚህኛው ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ካላባርና ካርቱምን ያዩ አባቶች አብረዋቸው ካሉ ግን ማብራሪያው አይቋረጥም።

ከዋልያዎቹ ዓምድ በታች በአራት ማዕዘን የተከለለ ትንሽ ክፍል አለ፤ «ድሬዳዋ 1976» ይላል። በዚያ ዓመት አገራችን ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ አንደኛው ምድብ በአዲስ አበባ፣ ሌላኛው ምድብ በእኛው ከተማ ነበር የተካሄደው። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጫውተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደችው ዛየር ከምድቧ ሳታልፍ የተሰናበተችው በድሬዳዋ ነው፤ ከድሬዳዋ ያለፈችው ሞሮኮ ደግሞ ዋንጫውን ይዛ ተመልሳለች። የከተማዋ ልጆች ብዙዎቻችን ይህን ያወቅነው ከታላላቆቻችን አንደበት ነው፤ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ማየት ግን ሌላ ኩራት ይሰጣል።

ይህ ትንሽ ክፍል የባለቤቱን ደንብ የሚፈትን አንድ ጨዋታም ይዟል። የ1976ቱ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፤ አራት ቡድኖች በአዲስ አበባ እርስ በርስ ተጫውተው ብዙ ነጥብ ያገኘው ነው ዋንጫውን የወሰደው። ማርች 14 ቀን ሞሮኮና ጊኒ ሲገናኙ ለሞሮኮ አቻ ይበቃት ነበር፤ ጊኒ ካሸነፈች ዋንጫው የእሷ ነው። ጊኒ መርታ፣ ሞሮኮ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ አደረገች፤ 1 ለ 1። በስሙ ፍጻሜ ያልሆነው ይህ ጨዋታ በሥራው ግን ፍጻሜ ነበር። ባለቤቱ መዝግበውታል፤ ለድሬዳዋ ሲሉ ደንባቸውን ካላሉ ለቪላው ጨዋታም ቢያላሉት ምን ነበረበት እላለሁ።

ስለ ቀረው አገልግሎት ባጭሩ ልናገር። መግቢያው በተራ ቀን 30 ብር፣ በወሳኝ ጨዋታ ምሽት 50 ብር ነው፤ ለሚሰጠው ነገር ተገቢ ዋጋ ነው። በሜይ ወር የድሬዳዋ ሙቀት አራት የጣሪያ ቬንትሌተር ብቻውን የሚያሸንፈው አይደለም፤ ከኋላ ያሉት ሁለት መስኮቶች በጨዋታ ሰዓት ለምን እንደሚዘጉ አልገባኝም። በስተግራ በኩል ባሉት የመጨረሻ ሁለት ረድፎች የተቀመጠ ሰው አንድ ምሰሶ የስክሪኑን ጥግ ይጋርደዋል፤ እነዚያን ወንበሮች በቅናሽ ዋጋ መሸጥ ወይም ማንሳት ይገባል። መፀዳጃ ቤቱ አንድ ብቻ በመሆኑ በዕረፍት ሰዓት የሚፈጠረው ሰልፍ የሁለተኛውን አጋማሽ መጀመሪያ ያስመልጣል፤ ይህ ከጉድለቶቹ ሁሉ በቶሎ ሊታረም የሚገባው ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የኮሜንታተሩ ንግግር ይሰማል፣ ጆሮ ግን አይበጥስም። በበሩ አጠገብ የምትሠራው ሴት ሻይ፣ ቡና፣ ትኩስ ሳምቡሳና ሙሸበክ ታቀርባለች፤ ሙሸበኩ በዕለቱ የተጠበሰ ነው። ሲጋራ በውስጥ አይጨስም፤ የውርርድ ወረቀት ይዞ ገንዘብ መሰብሰብም አይፈቀድም። ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች በቅድሚያ ለሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር ለሚመጡ ወላጆች ይያዛሉ፤ በትልቅ ጨዋታ ምሽት በሌሎች ኳስ ቤቶች የማይታዩ እናቶችና እህቶች እዚህ ሳይሳቀቁ ተቀምጠው ሲከራከሩ አይቻለሁ። ጨዋታ የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ባለቤቱ ከሚያውቋቸው ባጃጅ ሾፌሮች ጋር ተነጋግረው በሩ ላይ እንዲቆሙ አድርገዋል።

ሰሌዳው ላይ የሌለው የራሳችን ክለቦች ዓምድ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2020 መጨረሻ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ጀምሮ ውድድሩ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ ድሬዳዋ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች፤ ቤቱም በገዛ ስታዲየማችን የሚደረገውን ጨዋታ በስክሪን አሳይቷል። ከዚያም ርቀን ብንሄድ፣ በስድሳዎቹ ዓመታት የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ከአንድ ጊዜ በላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ለምን እንዳልተጻፈ ስጠይቃቸው ባለቤቱ «ሰው የነገረኝ ብዙ ነው፤ በጽሑፍ ያየሁት ግን ጥቂት ነው። አንዱ 3 ለ 1 ይለኛል፣ ሌላው 3 ለ 2። ያላረጋገጥኩትን ከጻፍኩ ሌላውም ረድፍ አይታመንም» አሉኝ። ለዚህ ዓምድ ብለው ከሰሌዳው በስተቀኝ ጫፍ ባዶ ቦታ ትተዋል። የዚያን ዘመን ጋዜጣ፣ የጨዋታ መርሐ ግብር፣ ወይም ቀንና ውጤት የተጻፈበት ፎቶግራፍ በቤቱ ያስቀመጠ የከተማችን ሰው ካለ፣ ጨዋታ በማይኖርባቸው የሥራ ቀናት ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ባለቤቱን እዚያው ያገኛቸዋል፤ ወረቀቱን ወስደው አያስቀሩም፣ ፊት ለፊት ገልብጠው ይመልሳሉ።